ማተሚያው ተበላሸ ወይስ አስተርጓሚው ተለወጠ?

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ከሚዘጋጀው ጽሑፍ አብዛኛው መጨረሻው ወረቀት መሆኑ የታወቀ ነው። ደብዳቤው በኮምፒዩተሩ መስታዋት ላይ ምንም ቢያምር፣ ታትሞና ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ከመዝገብ ቤትም ቁጥር ወጥቶለት ካልተሰጠው ባለጉዳዩ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። ስለዚህ ትናንት ሲሠራ የዋለው ፕሪንተር ዛሬ ጧት አልታዘዝም ያለ እንደ ሆነ ነገሩ የአንድ ዕቃ ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከሩቅ አውራጃ የመጣው ሰው «ነገ ተመለስ» ይባላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን የደረሰበት ተማሪ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሯሯጣል፤ ጸሐፊዋም ባላጠፋችው ጥፋት «ምን ነካሽው?» ተብላ ትወቀሳለች።

ብዙ ጊዜ ግን ማተሚያውን የነካው ሰው የለም። ሌሊቱን ኮምፒዩተሩ ራሱ በራሱ የሶፍትዌር ማሻሻያ ተቀብሎ፣ ጠፍቶና በርቶ አድሯል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ወዲያውኑ «ፕሪንተሩ ሞቷል» ብሎ ይፈርድና አዲስ እንዲገዛ ማመልከቻ ይጽፋል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ደኅናው መሣሪያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርዳል፤ የመንግሥትም ገንዘብ ያለ ምክንያት ይወጣል። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት የነገሩን አሠራር ማወቅ ይገባናል።

ኮምፒዩተርና ማተሚያ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። በመካከላቸው ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያስረዳ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። ይህም እንደ አስተርጓሚ ነው። ከዚህም ሌላ የሚታተመውን ሁሉ በተራ እያሰለፈ የሚልክ ስፑለር የሚባል አገልግሎት አለ። ይህን ደግሞ የባለጉዳዮችን ሰልፍ በሚያስከብር ዘበኛ ልንመስለው እንችላለን። ማሻሻያ በሚመጣበት ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይለወጣል፤ ወይም ሁለቱ የሚተዳደሩበት ደንብ ይለወጣል። ማተሚያው ራሱ ግን እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ ምርመራው በቅደም ተከተል ቢሆን መልካም ነው። መጀመሪያ ማተሚያውን ለብቻው እንፈትነው። ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ ዓይነት ከሆነ አንድ ወረቀት በመስታዋቱ ላይ አድርጎ ማባዛት ነው፤ ካልሆነም አብዛኞቹ ማተሚያዎች በራሳቸው ቁልፍ የመፈተኛ ገጽ ያወጣሉ። ይህ በደኅና ከወጣ ቀለሙም፣ ወረቀት የሚስበውም ክፍል ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱን ከዚያ ወዲያ እንፈልጋለን ማለት ነው።

ሁለተኛ መንገዱን እንመልከት። ገመዱ መሰካቱን ካየን በኋላ፣ ማተሚያው በኔትዎርክ የሚሠራ ከሆነ የአድራሻ ቁጥሩን እናመሳክር። ያው የመፈተኛ ገጽ ቁጥሩን ጽፎ ያወጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም መሣሪያዎቹ እንደ ገና ሲነሡ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ግን የድሮውን አድራሻ ይዞ ሲያንኳኳ ይቆይና «ኦፍላይን» ብሎ ይጽፋል።

ሦስተኛ ወረቀቱ ወደ ማን እየተላከ እንደ ሆነ እናረጋግጥ። ከማሻሻያ በኋላ የአንዱ ፕሪንተር ስም «ኮፒ 1» ተብሎ ሁለተኛ ሊመዘገብና ሥራው ሁሉ ወደማይሠራው ስም ሊሄድ ይችላል። ደግሞም ዊንዶውስ 10 ዋናውን ፕሪንተር ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርግ ምርጫ ስላለው፣ ደብዳቤው ወደ ወረቀት መሄዱ ቀርቶ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉድለት በአንድ ደቂቃ የሚታረም ነው።

አራተኛ ሰልፉን እንይ። አንድ የተበላሸ ሥራ ፊት ሆኖ መንገድ ከዘጋ የኋለኞቹ ሁሉ ይቆማሉ። በዚህ ጊዜ የስፑለሩን አገልግሎት ማቆም፣ በሰልፍ መያዣው ፎልደር ውስጥ የተከማቸውን ማጥፋትና አገልግሎቱን እንደ ገና ማስነሣት ይበቃል። ነገር ግን ይህ የሌሎችንም ሥራ ስለሚሰርዝ፣ ማተሚያው የጋራ ከሆነ አስቀድሞ ለባልደረቦች መንገር ጨዋነት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሳካ ነገሩ የአስተርጓሚው ነው። የድሮውን ድራይቨር ጨርሶ አንሥቶ፣ ለማተሚያው ሞዴልና ለኮምፒዩተሩ ሲስተም የተዘጋጀውን ከፋብሪካው ገጽ ብቻ ማምጣት ያስፈልጋል። ከማይታወቅ ሥፍራ የሚገኝ ድራይቨር በር ከፍቶ ሌባ እንደ ማስገባት ነው። ወደ አዲስ የዊንዶውስ እትም የተሸጋገረ ኮምፒዩተርም ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንዳንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 2021 ማይክሮሶፍት ያወጣው ማሻሻያ በአንዳንድ ማተሚያዎች ለማተም ሲሞከር ኮምፒዩተሩን በሰማያዊ ገጽ ያቆመው ጀመር። ኩባንያው ማረሚያውን ያወጣው በማርች 15 ቀን ነበር። በዚያ ሳምንት ማተሚያውን የፈታታ ሰው ሁሉ የደከመው በከንቱ ነበር።

እንዲህ ከሆነ ማሻሻያን ጨርሶ መከልከል አይሻልም ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። አይሻልም። በዚያው በ2021 ዓ.ም. በስፑለሩ ላይ ፕሪንት ናይትሜር የተባለ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። በዚህ ቀዳዳ የገባ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ የፈለገውን ለማዘዝ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ከጁላይ 6 ቀን ጀምሮ መድፈኛ ሲያወጣ ቆይቶ፣ በኦገስት 10 ቀን የፕሪንተር ድራይቨር የሚያስገባ አድሚኒስትሬተር ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ በኋላ በብዙ መሥሪያ ቤት ተራው ሠራተኛ ለማተም ሲያዝ የማያውቀውን የይለፍ ቃል ይጠየቅ ጀመር። ይህ ብልሽት አልነበረም፤ ቤቱን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ነበር።

ሌላ ዓይነት እምቢታም አለ። በሴፕቴምበር 13 ቀን 2016 አያሌ የኤች.ፒ. ኦፊስጄት ማተሚያዎች የሌላ ፋብሪካ የቀለም ካርትሬጅ አንቀበልም አሉ። ምክንያቱም ቀደም ብሎ በውስጣቸው የገባው ፕሮግራም በዚያ ቀን እንዲከለክል ታዝዞ ስለ ነበር ነው። ደንበኞች በመቈጣታቸው ኩባንያው በዚያው ወር ነገሩን በሚገባ ባለማስታወቁ ይቅርታ ጠይቆ፣ ክልከላውን የሚያነሣ ፕሮግራም ለማውጣት ቃል ገባ። በገንዘባችን የገዛነው ዕቃ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ ማሰብ የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ፊደል ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ በዊንዶውስ 10 እንደ ተጨማሪ የሚጫን ሆኗል። በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ ኤብሪማን በመሰለ ሌላ ቅርጽ ሲተካ መሥመሩ ይገፋና ፊርማው ብቻውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈውማ ፎንቱ ከጠፋ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታተማል። በዚህም ጊዜ ጥፋቱ የማተሚያው አይደለም።

ለወጣቱ ሠራተኛና ለተማሪው የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ቀን ከማሻሻል በአንዱ ላይ አስቀድሞ መፈተን፤ የማተሚያውን ሞዴል፣ የአድራሻ ቁጥሩንና የድራይቨሩን እትም በደብተር መዝግቦ መያዝ፤ አስፈላጊ ጽሑፍ በሚቀርብበት ዋዜማ ማሻሻያ አለማስገባት፤ ጽሑፉንም በፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጎ በፍላሽ መያዝ። «ምን ነካሽው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ጸሐፊዋን ከሐሜት፣ መሥሪያ ቤቱን ከወጪ ያድናል። ደብዳቤውን የሚጠብቀውም ሰው ሌላ ሌሊት በሰው ቤት ሳያድር ወደ አገሩ ይገባል።