ፖሊስ ጋ ያለው ስምዎ

ደብረ ታቦር ላይ «አሻራ ልሰጥ ነው» ያለ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይጠየቅም። ወይ ወደ ውጭ ሊወጣ ነው፣ ወይ ሥራ ሊቀጠር ነው። የሚፈልገው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ነው። አብዛኛው ሰው ፖሊስ ስለ እሱ ምን እንደያዘ በዕድሜው አንዴ የሚጠይቀው በዚህ አጋጣሚ ነው፤ የሚያገኘው መልስ ግን አጭር ነው። ወረቀቱ በዚህ ስምና በዚህ አሻራ የተመዘገበ ወንጀል አለ ወይም የለም ይላል፣ በቃ። በምስክርነት የሰጡት ቃል፣ ጎረቤትዎ ያቀረበብዎት አቤቱታ፣ ትራፊክ ፖሊሱ አደጋው ቦታ ላይ ያነሳው ፕላን እዚያ ላይ አይገኝም። የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው፣ የሚጠየቁትም በሌላ በር።

አሻራ በቀለም ሲነሣ አይቶ የማያውቅ ካለ፣ ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ጣት ቀለሙ ላይ ተጭኖ አይነሣም፤ ከጥፍሩ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ይንከባለላል፣ ከዚያ ካርዱ ላይ በተሰመረለት ሣጥን ውስጥ እንዲሁ ይንከባለላል። አሥሩም ጣቶች ይደረጋሉ። አስነሺው ሊረዳ ፈልጎ በራሱ ከጫነ መስመሮቹ ይደፈናሉ። ስለዚህ ባለሙያው «አባባ፣ ጣትዎን ይልቀቁት፣ እኔ ላዙረው» ይላል። ጉና ሥር ሲቆፍርና ድንች ሲያወጣ የኖረ ገበሬ የጣቱ መስመር ተበልቶ፣ ካርዱ ደጋግሞ ሊበላሽ ይችላል። ውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ ደግሞ አሻራውን ኤምባሲ አስነሥቶ፣ ውክልና ለሰጠው ሰው ይልክና አዲስ አበባ ፌዴራል ፖሊስ ዘንድ ያስጨርሳል።

ወደ ዋናው መዝገብ እንምጣ። ፋርጣ ውስጥ በወሰን ተጣልተው የተደባደቡ ሁለት ሰዎች ነገራቸው የሚጀምረው ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው። አቤቱታው ይጻፋል፣ መርማሪ ይመደባል፣ የምስክሮች ቃል እየተቀበለ የምርመራ መዝገቡ ይወፍራል፣ ከዚያ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ክስ ከተመሠረተ ፍርድ ቤት ይደርሳል። «መዝገቤን አሳዩኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት መዝገቡ አሁን የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ነው። ብዙ ምልልስ የሚባክነው ፖሊስ ከእጁ ያስወጣውን ፋይል ከፖሊስ በመጠየቅ ነው።

እስከ ዛሬ የምንሠራበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ችላ የሚባል ነገር ይዟል። አቤቱታ አቅራቢው የተናገረው በጽሑፍ ይሰፍርና ይነበብለታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈርመው። መነበቡን ትተው «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባሉ የሚፈርሙ ስንት ናቸው! በኋላ በማመልከቻና በይግባኝ የሚፈለገው መረጃ በዚያች ደቂቃ በነጻ ይገኝ ነበር። የራስን ቃል ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ «ይነበብልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

የሌላው ሰው ቃል ነው አስቸጋሪው። ፖሊስ ሳይመጣ በፊት በጎንደርም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ሌባና ነፍሰ ገዳይ የሚፈለገው በአውጫጭኝ ነበር። ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ አይበተንም። ያየ ሰው ግን በአደባባይ ተነሥቶ አይናገርም፤ ምስጢሩን የሚይዙ ሰዎች ነበሩ፣ «ወፍ» ይባላሉ። ስሙ የተጠራበት ሰው ምን እንደተባለ ይሰማል፣ ማን እንዳለ ግን አይነገረውም። የዛሬው ሕግም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ፖሊስ መረጃ የሚከለክልበት ጠንካራ ምክንያት ምርመራው እንዳይደናቀፍና የጠቆመው ሰው እንዳይጎዳ የሚለው ነው። ደም መመለስ ገና ባልጠፋበት ደጋ አገር ይህን ምክንያት ማናናቅ አይቻልም። ሆኖም ምርመራው ካለቀ፣ መዝገቡም ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ያው ምክንያት ሲደገም እየሳሳ ይመጣል።

ክስ የተመሠረተበት ሰው መንገዱ የጸዳ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ክሱን በጽሑፍ የማግኘትና የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት ይሰጠዋል። ያልተከሰሰው ነው በር የሚያጣው። ለእሱ የቀረበው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ስሙ የጋዜጠኛ ያስመስለዋል እንጂ መረጃ የመጠየቅ መብቱ የማንኛውም ሰው ነው፣ የክልል መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፤ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው፣ ሊራዘምም ይችላል። እምቢ ከተባሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል። በተግባር መስኮቱ ላይ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፦ «ከጠያቂው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጽፈህ ና።» ስለ ራሴ የተጻፈውን ለእኔ ከመስጠት ለመድን ድርጅቴ መስጠት ለምን እንደሚቀል ማንም አስረድቶኝ አያውቅም።

በ2016 የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጥያቄውን በቀጥታ ያነሣዋል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የማየትና ስሕተት ካለው የማሳረም መብት አለው ይላል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወንጀል ለመከላከልና ለመመርመር የተያዘ መረጃ ላይ ገደብ ተቀምጧልና ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የዘለቀ ለውጥ ለማየት ጊዜው ገና ነው።

የሌላውን አገር ካየን፣ ጀርመኖች የምሥራቁ የስለላ ድርጅት ሽታዚ ስለ ዜጎች የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሕግ ከፍተው፣ የተሰለለው ሰው ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የሰላዩንም ስም እንዲያውቅ ፈቀዱ። ወፉን አጋለጡት ማለት ነው። እኛ ዘንድ በ1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን ሰነዶች ሰብስቦ ባለሥልጣናቱን ከሶበታል፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በ1999 በሌለበት ጥፋተኛ ተብሏል። የፌዴራል ፖሊስ የምርመራ ማዕከል የነበረው ማዕከላዊም በ2010 ተዘጋ። እዚያ የተመረመረ ሰው ወይም ቤተሰቡ መዝገቡን እንዲያነብ የሚፈቅድ፣ የጀርመኑን የመሰለ ሕግ ግን አልወጣም።

ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው አንድ ሌላ በር አለው፣ እጅግ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» ይለዋል። ከጽኑ እስራት በኋላ 5፣ ከሌላው ቅጣት በኋላ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ የቆየና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው የካሰ ሰው ለፈረደበት ፍርድ ቤት ያመለክታል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። በልጅነቱ በአንድ ጠብ ተቀጥቶ ዛሬ ለሥራ «ነጻ ወረቀት» የተከለከለ ሰው መሄድ ያለበት ወደ አሻራ ክፍል ሳይሆን ወደዚህ ነው።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ደግሞ አዲስ ዓይነት ጠያቂ መጥቷል፦ ተይዞ ያለ ክስ የተለቀቀ። ይህ ሰው የሚፈልገው የታሰረበትንና የተፈታበትን ቀን የሚገልጽ አንድ ገጽ ነው፤ ያለ እሱ የቀረበትን የሥራ ቀን ለአሠሪው ማስረዳት ይቸግረዋል። ከጋይንት ወይም ከስማዳ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ መከፈቱንም መጠበቅ አለበት።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ማመልከቻ ጸሐፊዎች «ክቡርነትዎ» እያሉ ግማሽ ገጽ ይጨርሱበታል። የሚፈለገው ሙሉ ስም ከነአያት፣ ጉዳዩ የተመዘገበበት ጣቢያና ቀን፣ የመዝገብ ቁጥሩ ከታወቀ ቁጥሩ፣ ከዚያ «የሰጠሁት ቃል ግልባጭ» ወይም «የታሰርኩበትን ጊዜ የሚገልጽ ማስረጃ» ብሎ የሚፈለገውን ለይቶ መጻፍ ነው። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቅር፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማኅተም ይደረግበትና ይዘውት ይውጡ። ያ ቁጥር ከሌለ 30 ቀኑ ከመቼ እንደተቆጠረ ለእንባ ጠባቂ ማስረዳት አይቻልም።