ከቦሌ ኮምቦልቻ፦ 25 ደቂቃ ወይስ 1 ሰዓት?



ዒድ ሲቃረብ አዲስ አበባ የምንማር የከሚሴ ልጆች ክርክራችን አንድ ነው፤ በአውቶቡስ ወይስ በአውሮፕላን? ሰሞኑን አንዱ ወንድማችን ስልኩን እያሳየ «ቦሌ ኮምቦልቻ 25 ደቂቃ ነው» አለን። ትኬት ላይ ግን 1 ሰዓት ገደማ ነው የሚጻፈው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው።

ርቀቱን ራሳችን እናስላ። የቦሌ ኤርፖርት በሰሜን ኬክሮስ 8.98፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.80 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ኮምቦልቻ ደግሞ 11.08 እና 39.71 ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ወደ ሰሜን 233 ኪ.ሜ. እንሄዳለን። የኬንትሮስ ዲግሪ ወደ ዋልታ በተጠጋን ቁጥር ይጠብባል፤ በእኛ አካባቢ 110 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ 100 ኪ.ሜ.። ከዚያ ፓይታጎረስ ይበቃል፦ 253 ኪ.ሜ.። (ርቀቱ አጭር ስለሆነ የምድር ክብነት ውጤቱን ብዙም አይለውጠውም።)

እንደ ዳሽ 8 ኪው 400 ያለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን አየር ላይ ከተረጋጋ በሰዓት 600 ኪ.ሜ. ገደማ ይበራል። 253 ለ600 ሲካፈል 25 ደቂቃ ይሆናል። የስልኩ መልስ ይህ ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ ተንደርድሮ እስኪነሳ፣ ከፍታ እስኪይዝ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ እስኪያርፍ ድረስ በዚያ ፍጥነት አይሄድም። የትኬቱ ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ይቆጥራል።

የእኛ የከሚሴዎች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ኮምቦልቻ ከከሚሴ በስተሰሜን 50 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሚርቅ ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን መጓዝ አለብን። የመኪናው 1 ሰዓት፣ ቀድሞ መገኘቱ፣ በረራው፣ ሻንጣና የቦሌ ታክሲ ሲደመሩ 4 ወይም 5 ሰዓት ይሞላል። 325 ኪ.ሜ. የሚሆነው የአውቶቡስ መንገድ፣ የጣርማበር ጠመዝማዛ ጭምር፣ 7 ሰዓት ቢፈጅ ትርፉ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ለእኔ ለተማሪ ኪስ አያዋጣም፤ ለታመመ ወላጅ ግን ሌላ ነው።

ከርቀቱ ይልቅ ሰው የሚስተው ሰዓቱን ነው። አጎቴ ለዑምራ ሲነሱ ከኮምቦልቻ የያዙት ትኬት 07:10 ይላል። እሳቸው ከቀኑ 7:10 መስሏቸው 5 ሰዓት ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ጠዋት 1:10 ላይ ሄዷል። ደግነቱ የጅዳው በረራ በማግስቱ ማታ ስለነበር በአውቶቡስ ደረሱ። ትኬት ላይ ካለው ቁጥር 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ካለፈ እንደገና 12 ቀንሱ። 13:10 ከቀኑ 7:10፣ 19:10 ከምሽቱ 1:10 ነው። ጅዳም የሰዓት ቀጠናዋ ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ስሌቱ እዚያም ያው ነው፤ ዱባይ ላይ ግን መጀመሪያ 1 ሰዓት መቀነስ ያስፈልጋል።