ለሦስት ወር የተቀጠሩት ተዋናይት

ጃንዋሪ 31 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ማታ ቢቢሲ ዋንን የከፈተ የብሪታንያ ተመልካች የለመደውን ግርግር አጣው። መጠጥ ቤት ውስጥ የሚጣላ የለም፤ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም፤ የሚሸሽ ባል፣ የምታሳድድ ሚስት የለችም። አንዲት አሮጊት ብቻዋን ቁጭ ብላ ከካሴት መቅረጫ ጋር ታወራለች። ባሏን ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ተኝቷል፤ የሆዷን በካሴት ቀድታ ልትልክለት ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ያሳለፈችውን ሁሉ ታነሳለች፣ ትጥላለች። ግማሽ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሌላ ሰው ብቅ አላለም።

በብሪታንያ ተከታታይ ድራማዎች ታሪክ አንድ ሙሉ ክፍል ለአንድ ተዋናይ ብቻ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሸክሙን የተሸከሙት ጁን ብራውን 81 ዓመት ሊሞላቸው አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ዶት ኮተን የተባለችውን ይህችን አሮጊት መጫወት ከጀመሩ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል። ሁለቱን ለይቶ መናገር ለአገራቸው ሰው እንኳ ይቸግረው ነበር። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ መላ አለው፤ ጁንን አንቱ፣ ዶትን አንቺ እያልን እንቀጥላለን።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ማለቂያ የሌለው ተከታታይ ድራማ “ሶፕ” ይሉታል፤ ሳሙና ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከ1930ዎቹ የአሜሪካ ሬዲዮ ነው። ቀን ቀን ቤት የሚውሉ ሴቶችን ጆሮ ለማግኘት ሲሉ እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ ሳሙና አምራቾች የድራማዎቹን ወጪ ይችሉ ነበር። ቢቢሲ በአገሩ ማስታወቂያ አያስተላልፍም፤ የሚተዳደረው ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ ሁሉ በየዓመቱ በሚከፍለው ክፍያ ነው። ሳሙናው ባይኖርም ስሙ እዚያም ተጣብቆ ቀርቷል።

ሶፕን ከፊልም የሚለየው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። በፊልም ተዋናይቷ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወጣት ሆና ትገባና ሜካፕ ተቀብታ አርጅታ ትወጣለች። በሶፕ ግን ሽበቱ የራሷ ነው። ተመልካቹም አብሯት ያረጃል፤ ያኔ እናቱ ጉልበት ሥር ተኝቶ ያያት ሕፃን ዛሬ የራሱን ልጅ አቅፎ ያያታል። የጁን ብራውንን ነገር ልዩ የሚያደርገው ይህን ጊዜ እንደ እሳቸው የተጠቀመበት ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ከየት መጡ?

የተወለዱት ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1927 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሳፎክ ውስጥ፣ ኒድሃም ማርኬት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከአምስት ልጆች አንዷ ነበሩ። ሞት ቤታቸውን ቶሎ ነው የረገጠው። መጀመሪያ ጨቅላ ወንድማቸው ሞተ። ከዚያ እሳቸው ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ታላቅ እህታቸው ማሪዝ በስምንት ዓመቷ አረፈች። በአንድ ዓመት የምትበልጥ እህት ለልጅ ጓደኛም፣ ጠባቂም፣ መስታወትም ናት፤ ጁን ስለ ማሪዝ እስከ እርጅናቸው ድረስ ማንሳት አልተዉም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሴቶች የባሕር ኃይል ክፍል አገለገሉ። ከዚያ ለንደን በሚገኘው የኦልድ ቪክ የቴአትር ትምህርት ቤት ገብተው ሙያውን ከመሠረቱ ተማሩ። ኋላ ላይ በልብስ ማጠቢያ ቤት ሲጋራ ይዛ በምትቆም ሴት የሚያውቃቸው ሕዝብ ብዙም አያስታውሰውም እንጂ፣ በመድረክ ላይ ሌዲ ማክቤዝንም፣ የኢብሰንን ሄዳ ጋብለርንም ተጫውተዋል። በቴሌቪዥንም በ1970ዎቹ በትንንሽ ሚናዎች ብቅ ይሉ ነበር፤ “ዶክተር ሁ” ላይ የመካከለኛው ዘመን እመቤት ሆነው ታይተዋል፤ በተቀናቃኙ ሶፕ በ“ኮሮኔሽን ስትሪት”ም ለአጭር ጊዜ ሠርተዋል። በሙያው ውስጥ ያሉት ያውቋቸዋል። መንገድ ላይ አስቁሞ ሰላም የሚላቸው ግን አልነበረም።

የግል ሕይወታቸው ከመድረኩ ቀላል አልነበረም። በ1950 ያገቡት የመጀመሪያ ባላቸው ተዋናይ ጆን ጋርሊ በጭንቀት ሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ በ1957 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ጁን ያኔ ሠላሳ ዓመታቸው ነበር። በማግሥቱ ዓመት ሌላ ተዋናይ አገቡ፤ ሮበርት አርኖልድ ይባላል፤ “ዲክሰን ኦቭ ዶክ ግሪን” በተባለው የፖሊስ ድራማ የሚታወቅ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት ልጅ ወለዱ። አንዷ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ በሕፃንነቷ ሞተች፤ አምስቱ አደጉ። አምስት ልጅ የምታሳድግ እናት በየከተማው ከሚዞር የቴአትር ቡድን ጋር ልዙር ብትል አይሆንላትም፤ በእነዚያ ዓመታት የሠሯቸው ሚናዎች አጫጭር መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው ምክንያቱን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

“ኢስትኤንደርስ” የተጀመረው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1985 ነው። ጁሊያ ስሚዝና ቶኒ ሆላንድ የፈጠሩት ይህ ድራማ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አለ በተባለ ዋልፎርድ በሚሉት ሰፈር ይካሄዳል። አደባባዩ አልበርት ስኩዌር ነው፤ የሰፈሩ ሰው የሚገናኝበት መጠጥ ቤት ኩዊን ቪክቶሪያ። ዋልፎርድን በካርታ ላይ የሚፈልግ አያገኘውም፤ የተሠራው ከለንደን በስተሰሜን፣ ቦርሃምዉድ ውስጥ ባለ የቢቢሲ ግቢ ነው። ድራማው ቶሎ ነው የያዘው። በ1986 የገና ዕለት የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዴን ለሚስቱ ለአንጂ የፍቺ ወረቀት ሲሰጣት 30 ሚሊዮን ያህል ተመልካች ተቆጥሯል፤ ከአገሩ ሕዝብ እኩሌታው ማለት ነው።

ጁንን ለዚህ ሥራ የጠቆማቸው ያው ዴንን የሚጫወተው ሌስሊ ግራንታም ነው። ኒክ ኮተን የተባለ ዱርዬ ገጸ ባሕርይ እናት አስፈልጎት ነበር። ውሉ የሦስት ወር ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1985 ዶት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች፤ ጁን ያኔ 58 ዓመታቸው ነው፤ ለአብዛኞቹ ተዋንያት ስልኩ መጥራት የሚያቆምበት ዕድሜ።

ዶት ኮተን ማን ናት? ሰው ሳንቲም ከትቶ ልብሱን በሚያጥብበት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሲጋራ ከእጇ የማይለይ፣ ከአፏ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል የማይጠፋ ሴት ናት። ሐሜት ትወዳለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያማታል። የጎረቤቱን ኃጢአት ሁሉ ታውቃለች፤ የልጇን ኃጢአት ግን አይታ እንዳላየች ታልፋለች። እንዲህ ያለችውን ሴት የማያውቅ ሰፈር የለም፤ በሌላ ተዋናይት እጅ ብትወድቅ መሳቂያ ሆና፣ ሦስት ወሯን ጨርሳ ትሄድ ነበር። ጁን ግን ከሳቁ ሥር ብቸኝነቷን አስገቡበት። በ1990 ኒክ “ጌታን ተቀብያለሁ” ብሎ ወደ ቤት ሲመለስ ዓላማው በቢንጎ የደረሳትን 10,000 ፓውንድ መውሰድ ነበር፤ ለዚህም የገዛ እናቱን ምግብ ሊመርዝ ተሰናዳ። ዶት ልጇ ስለተመለሰላት ደስ ብሏት ምግቡ ፊት ስትቀመጥ የሚያይ ሰው ምን እንደሚሰማው አንባቢ ሊገምት ይችላል። ኒክ በመጨረሻዋ ደቂቃ ራሱ አስጣላት።

ዶት ቅድስት አልነበረችም፤ ጎበዝ ጸሐፊዎች ቅድስት አላደረጓትም። በ1980ዎቹ ኤድስ በወሬ ከበሽታውም በላይ በሚያስፈራበት ዘመን የሰፈሩን ፍርሃትና ያልተጣራ ወሬ ይዛ የምትዞረው እሷ ነበረች። ከዚያ ክፍል በክፍል፣ ዓመት በዓመት፣ የምትፈራቸውን ሰዎች እያወቀቻቸው ስትመጣ ተመልካቹም አብሯት ተማረ። ይህን ኃይል የኢትዮጵያ አድማጭም አይቶታል፤ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ የተላለፈው “የቀን ቅኝት” ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በድራማ ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነው። ሰው ከሚመክረው ይልቅ ከሚሳሳተው ገጸ ባሕርይ ይማራል።

ጁን በ1993 ድራማውን ለቀው በ1997 ተመለሱ። ከመጡ በኋላ የተሰጣቸው ታሪክ ከበፊቱ የከበደ ነበር። በ2000 የዶት የዕድሜ ልክ ጓደኛ ኤተል በካንሰር ልትሞት ተቃርባ “እንድሞት እርጂኝ” ብላ ለመነቻት። ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው ብላ የምታምን ሴት ጓደኛዋንም እምነቷንም ማጣት ቀረበላት። እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን የጸጸት ጊዜ ጁን ሲጫወቱት ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እጃቸው ብቻ ነው የሚናገረው።

ዶት በ2002 የፍቅረኞች ቀን ጂም ብራኒንግን አገባች። በእውነተኛው ዓለም ደግሞ ጁን በ2003 ባላቸውን ሮበርትን ቀበሩ፤ የመርሳት በሽታ ይዞት ነበር። አርባ አምስት ዓመት አብረው ኖረዋል። አራት ዓመት ቆይቶ ጂምን የሚጫወተው ጆን ባርደን በእውነት ስትሮክ መታው። የድራማው ጸሐፊዎች ተዋናዩን በሌላ ሰው ሊተኩት፣ ገጸ ባሕርዩንም በመኪና ሊያስገጩት ይችሉ ነበር፤ በሶፕ የተለመደ ነው። እነሱ ግን ሕመሙን የጂም አደረጉት። ቶኒ ጆርዳን የጻፈው ያ የካሴት ክፍል የተወለደው ከዚህ ነው። ባሏን በበሽታ ያጣች ተዋናይት፣ ባሏ የታመመባትን ሴት ሆና፣ በእውነት ለታመመ የሥራ ባልደረባዋ ብቻዋን ስትናገር ማየት ትወና ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት ይቸግራል።

በሚቀጥለው ዓመት ጁን ለባፍታ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ታጩ። ከ1988 ወዲህ፣ ማለትም የ“ኮሮኔሽን ስትሪት”ዋ ጂን አሌክሳንደር ከታጨች በኋላ፣ ከሶፕ ለዚህ ሽልማት የታጨ ሰው አልነበረም። አላሸነፉም። የሥነ ጥበብ ሰዎች ሶፕን የሚያዩት ጎረቤት ሀብታም ዘመዱን እንደሚያይ ነው፤ ገንዘቡን ይፈልጋሉ፣ ወንበር ግን አያቀርቡለትም። በበኩሉ ቤተ መንግሥቱ በ2008 ኤምቢኢ፣ በ2022 ደግሞ ኦቢኢ የተባሉትን የክብር ማዕረጎች ሰጣቸው።

ከዶት ውጪ ያሉት ጁን ዶትን ሊያስደነግጡ የሚችሉ ሴት ነበሩ። በ2009 በለንደን መድረክ “ካሌንደር ገርልስ” ውስጥ ተጫወቱ፤ ለበጎ አድራጎት ብለው ራቁታቸውን ፎቶ ስለተነሱ የገጠር ሴቶች የሚተርክ ቴአትር ነው። በ83 ዓመታቸው በቴሌቪዥን ታንጎ ጨፈሩ። በ2013 በአንድ የውይይት ዝግጅት ላይ ከዘፋኟ ሌዲ ጋጋ ጎን ተቀምጠው ልጅቷን በጨዋታቸው ማረኳት፤ ከዚያም ወዳጆች ሆኑ።

በ2015 ድራማው 30ኛ ዓመቱን ሲያከብር የኒክና የዶት ታሪክ ተዘጋ። ኒክ ሄሮይን ወስዶ ሲያጣጥር ዶት አምቡላንስ አልጠራችም። እጁን ይዛ ጸለየች፣ ሞተ። ልጇን ሠላሳ ዓመት ይቅር ስትል ያያት ተመልካች ስለሆነ ነው ይህ ትዕይንት የሚሠራው፤ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ቢገባ ጭካኔ ብቻ ይመስል ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው ከዳቸው። በዕድሜ የሚመጣ የዓይን ሕመም ማዕከላዊ እይታቸውን እየበላው ሄደ፤ የሰው ፊት መለየት፣ ጽሑፍ ማንበብ ከበዳቸው። ጸሐፊዎቹ ይህንንም ለዶት ሰጧት፤ ከ2016 ጀምሮ እሷም ዓይኗ መድከም ጀመረ። በ2020 መጀመሪያ ላይ ጁን ድራማውን ለቀቁ። ዶት አየርላንድ ሄደች ተባለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው በስልክ የተወችው የድምፅ መልእክት ነበር። የሦስት ወሩ ውል፣ የአራት ዓመቱ ዕረፍት ተቆጥሮ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር።

ጁን ብራውን ኤፕሪል 3 ቀን 2022 ሰሪ ውስጥ በቤታቸው፣ በ95 ዓመታቸው አረፉ። ዶትም ከእሳቸው ጋር አበቃች፤ ዲሴምበር 12 ቀን 2022 በተላለፈው ክፍል ቀብሯ ተፈጸመ፤ ድራማውን ከለቀቁ ብዙ ዓመት የሆናቸው ተዋንያን ለዚያ ቀን ተመልሰው መጡ። ሥራቸውን ማየት የሚፈልግ አንባቢ ከሺዎቹ ክፍሎች ውስጥ በየትኛው ልጀምር ብሎ መጨነቅ የለበትም፤ በካሴቱ ይጀምር።