የንቃት ሴሎችና የጫት ቅጠል

በአይጥ አንጎል ግንድ ውስጥ፣ በግራም በቀኝም፣ ሎከስ ሴሩሊየስ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። በእያንዳንዱ ጎን ያሉት የነርቭ ሴሎች 1,500 ገደማ ብቻ ናቸው። የአይጥ አንጎል በጠቅላላው 200 ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሴል ስላለው ቁጥሩ ከምንም አይቆጠርም። ይሁን እንጂ የእነዚህ ጥቂት ሴሎች ክሮች ከአንጎል ቅርፊት እስከ ሕብለ ሰረሰር ድረስ ይዘረጋሉ፤ በደረሱበትም ሁሉ ኖርአድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ጋሪ አስተን-ጆንስና ፍሎይድ ብሉም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ሴሎች የኤሌክትሪክ ምት በሕይወት ካሉ አይጦች እየመዘገቡ ተከታተሉ። አይጡ ሲነቃ ምቱ ይበረታል፣ እንቅልፍ ሲወስደው ይዘገያል፣ ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ጨርሶ ይቆማል ማለት ይቻላል።

ቆሰበር ላይ ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ አገር ላቦራቶሪ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከተማዋ በአዲስ አበባና ባሕር ዳር አስፋልት ላይ ያለች፣ ወደ ቻግኒና ወደ ጉባ፣ እስከ ሕዳሴ ግድብም የሚያደርሰው መንገድ የሚገነጠልባት ናት። ሌሊት የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር እንቅልፉን በጫት እንደሚያባርር በአገራችን መንገዶች ሁሉ የታወቀ ነው፤ ለፈተና የሚያነብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ለዚሁ ብሎ የሚቅምበት ጊዜ አለ። ስለ ጫት ገቢነት፣ ስለ ሱሱ፣ ስለ ነውርነቱ ብዙ ተብሏል። በአንዲት የአንጎል ሴል ላይ ምን እንደሚሠራ ግን እምብዛም አይነገርም። እኔ ክርክሩ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ።

ኖርአድሬናሊን አሚን ከሚባሉት የነርቭ መልእክተኞች አንዱ ነው። ዶፓሚንና ሴሮቶኒንም የዚሁ ወገን ናቸው። አንጎል የሚሠራቸው በምግብ ውስጥ ከሚገኙ የፕሮቲን ፍርካሾች ነው፤ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ከታይሮሲን፣ ሴሮቶኒን ከትሪፕቶፋን። የት የት እንዳሉ በዓይን የታየው በስዊድን ነው። የደረቀ የአንጎል ቁራጭ በፎርማልዲሃይድ እንፋሎት ሲታጠን አሚን የያዙት ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሥር ያበራሉ፤ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያላቸው አረንጓዴ፣ ሴሮቶኒን ያላቸው ቢጫ። አኒካ ዳልስትረምና ሼል ፉክሰ በ1964 የአይጥን አንጎል በዚህ ዘዴ አጥንተው የአሚን ሴሎችን ካርታ አወጡ።

ካርታው ሴሎቹ የት እንዳሉ ነገረን እንጂ ምን እንደሚሠሩ አልነገረንም። ለዚህ ሌላ ብልሃት አስፈለገ። ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ጫፉ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ወደ አይጡ አንጎል ይገባል። በአንዱ ቀዳዳ የአንዲት ሴል ምት ይቀዳል፤ በሌላው በትንሽ ኤሌክትሪክ እየተገፋ እጅግ ጥቂት አሚን እዚያችው ሴል ላይ ይፈስሳል። ብሉም ከባሪ ሆፈርና ከጆርጅ ሲጊንስ ጋር በዚህ መንገድ በአይጥ ትንሹ አንጎል ውስጥ ያሉ ፐርኪንዬ የተባሉ ሴሎችን መረመረ። ኖርአድሬናሊን ሲነካቸው ምታቸው ዘገየ።

መነቃቃትን ያመጣል የተባለ ነገር ሴልን ካዘገየ ንቃቱ ከወዴት መጣ? በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መልሱን አገኙ። ኖርአድሬናሊን ሴሏ በራሷ የምታሰማውን ምት ይቀንሳል፤ ከሌላ ሴል የሚመጣላትን ጥሪ ግን ያን ያህል አይቀንስባትም፤ አንዳንዴም ያጎላዋል። በገበያ ቀን ጫጫታው ረገብ ሲል ስምህን የሚጠራው ሰው ድምፁን ሳይጨምር ጥርት ብሎ እንደሚሰማህ ነው። አሚኑ መልእክቱን ራሱን አይሸከምም፤ ሴሏ እንዴት እንደምትሰማ ይለውጣል። ጠቅላላው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳንኤል ማዲሰንና ሮጀር ኒኮል ደግሞ በ1982 ሂፖካምፐስ ከሚባለው፣ ለማስታወስ ከሚያገለግለው ክፍል የተቆረጠ ሕያው የአይጥ አንጎል ወሰዱ። እዚያ ያለች ሴል ሳታቋርጥ ብትነቀንቃት ጥቂት ምት ሰጥታ ዝም ትላለች፤ ፖታሲየም ከውስጧ እየወጣ ያረጋጋታል። ኖርአድሬናሊን ሲጨመር ያ ማረጋጊያ ተዘጋ፤ ሴሏም ዝም ማለቷን ትታ መምታቷን ቀጠለች። ሴሮቶኒን በእነዚሁ ሴሎች ላይ ሁለት ፊት አለው። ሴሏ አሚንን በምትቀበልበት በአንዱ ተቀባይ በኩል የፖታሲየም በር ከፍቶ ሴሏን ጸጥ ያሰኛል፤ በሌላው በኩል ያንኑ የኖርአድሬናሊንን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አንድን አሚን «የደስታ» ወይም «የንቃት» ብሎ መሰየም ሴሎቹን አይገልጽም። ውጤቱን የሚወስነው የተቀባዩ ዓይነት ነው።

ወደ ጫቱ እንመለስ። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ተለይቶ የታወቀው በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ነጋዴዎች ጫትን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው እርጥበቱን የሚጠብቁት፣ ቃሚውም የትናንቱን ትቶ የዛሬውን የሚፈልገው ለዚህ ነው። በጄኔቫ ፒተር ካሊክስ በ1980 ካቲኖን የተሰጣቸው ትንንሽ አይጦች አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት እንደወሰዱት ያለ ዕረፍት እንደሚንቀሳቀሱ አሳየ፤ ቀጥሎም ካቲኖን ከአንጎል ቁራጭ ውስጥ የተጠራቀመ ዶፓሚንን እንደሚያስለቅቅ አረጋገጠ። ወትሮ ሴል የለቀቀችውን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን መልሳ የምታስገባበት በር አላት። ካቲኖን በዚያው በር ገብቶ አሠራሩን ይገለብጠዋል፤ መግቢያው መውጫ ይሆናል። አሚኑም ሴሏ ሳትጠራው ይፈስሳል።

በየል ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ አጋጃኒያን ቡድን በ1970ዎቹ መጀመሪያ አምፌታሚን ለአይጥ ሰጥቶ የአሚን አመንጪ ሴሎችን ምት ሲለካ ያገኘው ከዚህ ጋር አብሮ መታየት አለበት። አሚኑ በዝቶ ሳለ የሚያመነጩት ሴሎች ራሳቸው ምታቸውን ቀነሱ። በላያቸው ያሉት ተቀባዮች መብዛቱን ይነግሯቸዋልና። ካቲኖንም የዚሁ የአምፌታሚን ዘመድ ነው።

ለሾፌሩ ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው። ጫት መቃም ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ካቲኖን በደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ማታ ከቆሰበር ወደ አዲስ አበባ ተነሥቶ መቃም የጀመረ፣ ደግሞም ያልጨመረ ሰው ያንን ጣሪያ የሚያገኘው ገና ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ነው። ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርደው ካቲኖኑ እየቀነሰ፣ ያልተኛው እንቅልፍ ግን እንዳለ ሆኖ ነው።