የመሪ መላላት፦ ከትንሽ ዕቃ የሚነሳ ትልቅ አደጋ

እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉ አሮጌ ፒክ አፖች እህልና ሸቀጥ ጭነው በኮረኮንች መንገድ ሲመላለሱ መሪያቸው እየላላ ይሄዳል። መሪው ሲዞር ጎማው ዘግይቶ ይታዘዛል፤ መኪናው በመስመሩ አይጸናም፤ የፊት ጎማዎችም በአንድ ጠርዝ በኩል ብቻ ያልቃሉ።

ለዚህ ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ በመሪ ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉት፣ ኳስ መሰል ራስ ያላቸው ትንንሽ መጋጠሚያዎች መበላት ነው። መሸፈኛ ላስቲካቸው ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፤ አቧራና ጭቃ ገብቶም ብረቱን ይፍቃል። ኳሱ ከማቀፊያው ከወለቀ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶና የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ሲነቀንቅ ሌላው መጋጠሚያዎቹን ይመለከታል። ኳሱ በማቀፊያው ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ግራሶ መጨመር አያድነውም፤ መቀየር አለበት።

መካኒኩ አሮጌውን ሲፈታ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ ቢያስገባ፣ የጎማው አቅጣጫ ብዙ አይዛነፍም። የዳዶው መቆለፊያ ፒንም አዲስ መሆን ይገባዋል፤ ቀዳዳው አልገጥም ካለ ዳዶው በጥቂቱ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። በመጨረሻም የጎማ አላይመንት መስተካከል አለበት፤ ይህ ከታለፈ አዲስ ጎማም ቶሎ ያልቃል።