ሙቀት የሚሠራው ሌንስ

ብረት ሲቆርጡና ሲበይዱ ረጅም ዘመን ካገለገሉ ሌዘሮች አንዱ ኒዮዲሚየም-ያግ ነው። ብርሃኑ የሚመነጨው ከኢትሪየም፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን ከተሠራና ጥቂት ኒዮዲሚየም ከገባበት የክሪስታል ዘንግ ነው። ዘንጉ ቀዝቃዛ ሳለ ብርሃንን ሳያጣምም ያሳልፋል። ከፍተኛ ኃይል ሲሰጠው ግን በውስጡ ማንም ያልቀረጸው ሌንስ ይፈጠራል። ይህ የሙቀት ሌንስ ይባላል።

መነሻው የጉልበት ልዩነት ነው። ክሪስታሉ የሚመገበው የሞገድ ርዝመቱ 808 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ሲሆን፣ የሚሰጠው ደግሞ 1064 ናኖሜትር ነው። ሞገድ ሲረዝም የእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት ስለሚያንስ፣ ከተዋጠው ጉልበት ሩብ የሚጠጋው ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። የማቀዝቀዣው ውሃ የሚነካው የዘንጉን ዳር ነው፤ መሃሉ እንደጋለ ይቆያል። ያግ ሲሞቅ ብርሃንን ይበልጥ ያዘገያል። በመሃል ያለፈው ብርሃን በዳር ካለፈው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጨረሩም ወደ መሃል ይሰበሰባል። ከሙቀቱ የሚመጣው ውስጣዊ ውጥረትና የዘንጉ ጫፎች እብጠት ሌንሱን ያጠነክሩታል።

ጣጣው ቀላል አይደለም። የሌዘሩ ሁለት መስታወቶች ብርሃኑን እያመላለሱ ሊይዙት የሚችሉት የሌንሱ የትኩረት ርቀት በተወሰነ ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። የሚሰጠው ኃይል እጥፍ ሲሆን የትኩረት ርቀቱ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከክልሉ ሲወጣ የጨረሩ ጥራት ይበላሻል፣ ኃይሉ ይወድቃል፤ በአንድ ነጥብ የተከማቸ ብርሃን መስታወቶቹን እስከማቃጠል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መለካት ግድ ነው።

የሌዘር ተመራማሪው ዋልተር ኬክነር ስለዚሁ ዘንግ የሙቀት ሌንስ በ1970 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትሟል። ቀላሉ የመለኪያ ዘዴ ትይዩ የሆነ ቀይ የሂሊየም-ኒዮን ጨረር በዘንጉ ውስጥ አሳልፎ የት እንደሚሰበሰብ መፈለግ ነው። ከዚያ የረቀቀው የሻክ-ሃርትማን መለኪያ ነው። ጥቃቅን ሌንሶች በረድፍ ተደርድረው በካሜራ ላይ ነጥቦች ይጥላሉ፤ ነጥቦቹ ከቦታቸው ምን ያህል እንደተንሸራተቱ ተሰልቶ የሞገዱ ቅርጽ ይታወቃል። ጥቅሙ ከትኩረት ርቀቱ በተጨማሪ ጨረሩን የሚያበላሹ ሌሎች መዛነፎችንም ማሳየቱ ነው። ሦስተኛው ዘዴ ሌዘሩን ራሱን መለኪያ ያደርገዋል፤ ኃይሉ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ሥራው የሚናጋበት ነጥብ ይያዛል፤ ከዚያም የትኩረት ርቀቱ ይሰላል።

በዚህ ሥራ ሁለት ጥንቃቄዎች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ ሌዘሩ ጨረር እያወጣ ሳለ እና ሳያወጣ ክሪስታሉ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ይለያያል፤ ስለዚህ ልኬቱ በትክክለኛው የሥራ ሁኔታ መወሰድ አለበት። ሁለተኛ፣ በውጥረቱ ምክንያት ዘንጉ የብርሃኑ ንዝረት ወደ ዳር ሲሆንና ዙሪያውን ሲከተል ሁለት የተለያዩ የትኩረት ርቀቶች ይኖሩታል፤ አንዱን ብቻ ለክቶ መደምደም ያሳስታል።

ዲስክ መሰል ስስ ክሪስታሎች ሙቀቱን ከጀርባቸው በማስወጣት ሌንሱን በእጅጉ ያዳክሙታል፤ ጨርሰው ግን አያጠፉትም። የሌዘር አቅም በዋት ብቻ ሲነገር ጎደሎ ነው። በዚያ ኃይል ላይ የክሪስታሉ የትኩረት ርቀት ሳይለካ የተነደፈ ኃይለኛ ሌዘር በግምት የተሠራ ነው።