የሩዝ ገለፈት፦ ከጥራጊ ወደ ጥሬ ዕቃ

ከጣራ ገዳም ወርዶ ወረታ የሚደርስ መንገደኛ በሩዝ መፈልፈያዎች አጠገብ የተከመረ ገለፈት ያያል። ካልተፈለፈለ ሩዝ ክብደት 20 በመቶ ያህሉ ገለፈት በመሆኑ ከ1 ኩንታል 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይወጣል። ታዲያ ይህ ጥራጊ ነውን?

1 ኪሎ ግራም ደረቅ ገለፈት ሲቃጠል 14 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ የ1 ኩንታሉ ገለፈት 280 ሜጋ ጁል፣ ማለትም የ17 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ያህል ሙቀት አለው። በዚህ ሙቀት የተዘፈዘፈ ሩዝ በእንፋሎት ተቀቅሎ ቢደርቅ ፍሬው ይጠነክራል፤ ሲፈለፈልም ስብርባሪው ይቀንሳል። ባለንብረቱ ለምድጃና ለማድረቂያ ቢያወጣም ማገዶ ሳይገዛ የተሻለ ሩዝ ይሸጣል።

የሚቀረው አመድ የገለፈቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን አብዛኛው ሲሊካ ነው። ቃጠሎው ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካላለፈ ሲሊካው ክሪስታል ስለማይሠራ ከኖራ ጋር ይዋሃዳል፤ ተፈጭቶም የሲሚንቶን ከፊል ሊተካ ይችላል። ሙቀቱ ሲያይል ግን ክሪስታል ይሆናል፤ ብናኙም ሳንባን ይጎዳል።

ዑደታዊ ኢኮኖሚ የሚባለው ይኸው ነው፦ የአንዱ ሥራ ትራፊ ለሌላው ግብዓት ሲሆን። ሜዳ ላይ ያለ ልክ የሚነድ ክምር ግን ትርፉ ጭስ ብቻ ነው።